ጥርስ እውነት ባዳ ነው?

ጎንደር፣ አዘዞ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ሲስቁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ልጅ እያለሁ ነገሩ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። እናቴም «የእትየን አይታችሁ ተማሩ፣ ሳቃቸው እንኳ ከነጠላቸው አያልፍም» ትለን ነበር። ቡና ሲጠጡ ጨለም ያለውን ጥግ ይመርጣሉ። ጉርሻ ሲቀበሉ ፊታቸውን መለስ ያደርጋሉ። ለቅሶ ቤት ሙሉ ቀን ይውላሉ። ሰርግ ቤት ግን ምሳው ሳይነሳ ይጠፋሉ።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከላይ በኩል ሁለት የፊት ጥርሳቸው ተበላሽቷል። አንዱ ተቦርቡሮ ተነቀለ። ሌላው ተሸርፎ ተሸርፎ ጉቶው ቀረ። ያ ነጠላ የሀፍረት ነጠላ ኖሯል። «እኔ እኮ ሰው ፊት መሳቅ የተውኩት ልጆቼ ሳያድጉ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቡናውን እየቆሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ ሲስቅ «ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን። ልብ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃል፣ ከልብ ጋር ዝምድና የለውም ማለታችን ነው። አባባሉ ለለቅሶ ቤት ያስኬዳል። ወደ ጤና ስንመጣ ግን ልክ አይደለም። ጥርስ ሲታመም አእምሮ ይታመማል። አእምሮ ሲታመም ደግሞ ጥርስ ይታመማል። መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው እንኳ አያውቃቸውም።

ሌሊት ለምን ይብሳል?

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከህመሙ።

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ሕይወት አለው። መሀሉ ላይ የደም ሥርና ነርቭ የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ። እጃችን ሲቆስል ያብጣል፤ ቆዳው ስለሚለጠጥ እብጠቱ ቦታ ያገኛል። የጥርስ ውስጥ ሥጋ ሲያብጥ ግን የሚሄድበት የለም። ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ነርቩን ይጫነዋል። ጋደም ስንል ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ጥርሱም እንደ ልብ ይመታል። ቀን ላይ ሥራውም ወሬውም ያዘናጋል። ሌሊት ግን ከጥርሳችን ጋር ብቻችንን እንቀራለን።

በዚያ ላይ አንጎላችን ለፊትና ለአፍ የሰጠው ቦታ ትልቅ ነው። ለጀርባችን ከሰጠው እጅግ ይበልጣል። ለዚህ ነው ጥርስ ውስጥ የገባች ትንሽ የሥጋ ክር ቀኑን ሙሉ የምትረብሸን። ህመም ሲሆን ደግሞ አስቡት።

እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ትንሹ ነገር ያስለቅሰዋል። እንቅልፍ ማጣት ህመምን የመቻል አቅምንም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ይብሳል። ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል ሰውየው ጠባዩ የተለወጠ ይመስላል። ልጅ ከሆነ ክፍል ውስጥ ይፈዛል፣ «ሰነፍ» ይባላል። አንድ የተቦረቦረ መንጋጋ ስንቱን ልጅ ከትምህርቱ እንዳሰናከለ ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ችግሩ የጥቂት ሰው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የአፍ በሽታ አለበት።

ሀፍረት

እኛ ለአፍ ውበት ግድ የሌለን ሰዎች አይደለንም። የጎንደር አሮጊቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ጥርሱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ድዱ እንዲጠቁር። ያን ሁሉ መርፌ የቻሉት ለፈገግታ ብለው ነው። ፍንጭት ጥርስ ያላት ልጅ ዛሬም ትሞገሳለች። ጥርስን እንዲህ የምናከብር ሰዎች ጥርስ ሲጎድል የሚሰማን ስሜትም በዚያው ልክ ይከብዳል።

አኗኗራችንም አፍን አይደብቅም። ከአንድ ትሪ እንበላለን። እንጎራረሳለን። ሰው ስናገኝ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን። ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ እልል ሲል አፉን ሸፍኖ የሚቆም ሰው ከበዓሉ ግማሹን አጥቷል። እንግዳ የሚያስጎበኝ ልጅ፣ ሆቴል የሚያስተናግድ ሰው፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ሁሉም በአፉ ነው የሚያድረው። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አፉን ላለመክፈት የሚታገል ሰው ያወቀውን ያህል አይናገርም።

ሰው በጥርሱ ሲያፍር መጀመሪያ ሳቁን ይቀንሳል። ከዚያ ንግግሩን። ከዚያ መውጣቱን። ብቸኝነት ደግሞ ለድብርት በር ነው።

የአፍ ጠረን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ የሚሰቃይ ብዙ ሰው ስለማውቅ። እኛ ዘንድ «ከጨጓራ ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንጩ ራሱ አፍ ነው። በምላስ የኋላ ክፍልና በድድ ስር አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች አሉ። የምግብ ትርፍራፊ ሲያፈርሱ ድኝ ያለበት መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ ይለቃሉ። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት ለወራት ውጦ ለውጥ ያላየ ሰው ምላሱን ይፋቅ፣ ድዱን ይታይ። ሌላም አለ። አፋቸው ምንም ሳይሸት «ይሸታል» ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። ሰው አፍንጫውን ሲነካ «በእኔ ነው» ይላሉ። ታክሲ ውስጥ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እነዚህ ሰዎች አላጋነኑም፣ አልቀበጡም። የሚያስፈልጋቸው ግን ከጥርስ ሐኪም ይልቅ የአእምሮ ሐኪም ነው።

ከዚያኛው ወገን ሲመጣ

እስካሁን ያየነው ጥርስ አእምሮን ሲጎዳ ነው። መንገዱ ግን መመለሻም አለው።

ድብርት የያዘው ሰው ከአልጋ መነሳት ተራራ ይሆንበታል። ፊቱን መታጠብ፣ ጥርሱን መቦረሽ ትርጉም ያጣበታል። ምግብ አብስሎ ከመብላት ብስኩትና ለስላሳ ይቀለዋል። ሲጋራ ይጨምራል። ቤተሰብ «ራሱን ጣለ» ይላል። ጥሎ አይደለም። በሽታው ነው የጣለው። ስድስት ወር እንዲህ ከቆየ፣ ድብርቱ ሲሻለው የተበላሸ አፍ ይጠብቀዋል።

ፍርሃትም አለ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ማደንዘዣው ሳይዝ ጥርስ ተነቅሎብኛል። ያን ቀን ወንበሩን የጨበጥኩበት እጄ አሁንም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጥርስ ክሊኒክ በር አልረገጥኩም። በኋላ ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። መግል የያዘ ወይም በጣም የቆጣ ሥጋ አሲዳማ ይሆናል፤ አሲድ ባለበት ቦታ ደግሞ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም። ማለትም የሚፈራ ሰው ይዘገያል። ሲዘገይ ጥርሱ ይብሳል። ሲብስ ማደንዘዣው እምቢ ይላል። ያኔ የፈራው ነገር ይደርስበታል፤ ፍርሃቱም በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ህመሙ ሳይጠና መሄድ የጀግንነት ጉዳይ አይደለም። ቀድሞ የሄደ ሰው የሚያመው ያነሰ ነው።

ምራቅና መድኃኒት

ከሁሉም በላይ ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ይህን ክፍል ነው።

ምራቅ ተራ ውሃ አይደለም። በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ 1.5 ሊትር እናመነጫለን። ስኳር በበላን ቁጥር አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ ከጥርስ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ይሸረሽራል። ምራቅ ያን አሲድ ያረክሰዋል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፎስፌትም የተሸረሸረውን ይጠግናል። በቀን ብዙ ጊዜ እንሸረሸራለን፣ ብዙ ጊዜ እንጠገናለን። ምራቅ ሲጠፋ ጥገናው ይቆማል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ለድብርት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል። ለከባድ የአእምሮ ህመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚንም ያደርቃል። ይህ መድኃኒት የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ለመቀነስ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲልም እንዲሁ። ለስሜት መዋዠቅ ህመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ይጠማዋል፤ ጥሙን በለስላሳ የሚቆርጥ ከሆነ ጥርሱን እየሸጠ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ተማሪ ነው። ድብርት ይዞት መድኃኒት ጀመረ፣ ተሻለው። አፉ ግን እንደ ጨርቅ ደረቀ። መፍትሔ ብሎ ያገኘው ከረሜላ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አንዷን ሲጨርስ ሌላዋን ይልሳል። ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ ስኳር ቀኑን ሙሉ! በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጥርስ ተቦረቦረበት። ማንም አልነገረውም። መድኃኒቱን ያዘዘለት ስለ ጥርሱ አልጠየቀም። ጥርሱን ያየለትም ስለ መድኃኒቱ አልጠየቀም። ልጁ በጥርሱ አፍሮ እንደገና ከሰው መራቅ ጀመረ።

እባካችሁ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። የአእምሮ መድኃኒት በድንገት ማቆም ከጥርስ መቦርቦር የከፋ ጣጣ ያመጣል። ማድረግ ያለባችሁ «አፌ እየደረቀ ነው» ብሎ ለሐኪሙ መንገር ነው። መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል። እስከዚያው ውሃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ፣ ከረሜላና ለስላሳን መተው ያግዛል።

ጫትም አፍ ያደርቃል። ከጎኑ የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ የደረቀ አፍ ላይ ነው የሚያርፈው። በዚያ ላይ እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግስቱ ድካሙና ዱካኩ ይመጣል። ጭንቀቱን ለመርሳት ብሎ የሚቅም ወጣት ጭንቀቱንም ጥርሱንም አብሮ እያባባሰ ነው።

ጭንቀት መንጋጋ ላይ ሲወጣ

«ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት» እንላለን። ሰውነታችን ይህን አባባል ቃል በቃል ይሠራበታል። የተጨነቀ ሰው፣ በተለይ ሌሊት፣ ሳያውቀው ጥርሱን ያፋጫል። ጠዋት መንጋጋው ይደክመዋል፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ይወቅረዋል፣ ጥርሱ ቀዝቃዛ አይችልም። ብዙ ሰው «ራስ ምታት ነው» ብሎ ክኒን ይውጣል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም አንዳንድ ሰው ላይ ማፋጨቱን ያመጣሉ። ጥርስ ሐኪም ሌሊት የሚደረግ የጥርስ መከላከያ ሊሠራ ይችላል። መከላከያው ጥርሱን ያድናል እንጂ ጭንቀቱን አያነሳም።

ድድም ጭንቀትን ያውቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የከረሙ ወታደሮች ድዳቸው በድንገት ይቆስል፣ ይደማ፣ ይሸት ነበር። ጭንቀት፣ ድካም፣ የምግብ እጥረት፣ ሲጋራና የአፍ ንጽህና ማጣት አንድ ላይ ሲመጡ ሰውነት ባክቴሪያን የሚከላከልበት ጉልበት ይከዳዋል። በዚህ አገርም ሰው ለዓመታት በስጋት ኖሯል። ድዱ የሚደማ ሰው ሁሉ በጭንቀት ነው አልልም፤ አብዛኛው ቆሻሻ ስለተጋገረበት ነው። ግን ጭንቀት ያባብሰዋል።

የማይባለውን እንዳንል

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ጨርሰው የማጣት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገሙ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይህ የሆነው በህመሙ ነው? በመድኃኒቱ? በድህነቱ? ወይስ ክሊኒክ ሲሄዱ ስለሚናቁ? ሁሉም ድርሻ አላቸው። ድህነት በተለይ ሁለቱንም ወገን ይመታል።

የድድ ባክቴሪያ የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚል ወሬም ሰምታችሁ ይሆናል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአልዛይመር የሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የድድ ባክቴሪያ ምልክት መገኘቱ ተዘግቦ ነበር። በዚያ ሐሳብ የተሠራ መድኃኒት ሲሞከር ግን የታሰበውን ውጤት አላመጣም። ድዳችሁን ጠብቁ፤ ግን «ድዴ ስለደማ ልረሳ ነው» ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ሁለት በር

ጥርስና ሌላው አካል ለምን ተለያዩ? አንዱ ምክንያት ታሪክ ነው። በ1840 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ሲከፈት ከሌላው ሕክምና ተለይቶ ነው የተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጥርስ የራሱ በር፣ የራሱ ካርድ፣ የራሱ ሐኪም አለው።

ጎንደር ግን ሌላ ልምድ አላት። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ያሰለጥን የነበረው ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) በቡድን አብረው እንዲሠሩ ነው። አንዱ በሽተኛውን፣ አንዱ ቤቱን፣ አንዱ ውሃውን ያያል። ሰውን በክፍል በክፍል አልቆረጡትም። ያ መንፈስ ለአፍና ለአእምሮ ቢሠራ ምንኛ ደስ ባለኝ። ከባድ አይደለም። የአእምሮ ሐኪሙ «አፍህ ይደርቃል? ጥርስህን ያምሃል?» ብሎ ይጠይቅ። ጥርስ ሐኪሙ «እንቅልፍ እንዴት ነው? የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ይበል። ካልጠየቁ እኛ እንንገራቸው።

ቤት ውስጥ

ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦረሻል። የማታው ይበልጣል፤ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ። ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። የወይራ መፋቂያ በደንብ ከሠሩበት ያጸዳል። ፍሎራይድ ግን የለውም፣ የጥርሱን ጀርባም በቀላሉ አያገኝም። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይቻላል።

ስኳር ላይ ከመጠኑ ይልቅ ምልልሱ ይጎዳል። አንድ ጊዜ ስኳር ስንቀምስ አፋችን ለግማሽ ሰዓት ያህል አሲድ ይሆናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በስኳር ከሆነ፣ በመሀልም ትንሽ ትንሽ ፉት የምትሉ ከሆነ፣ ጥርሳችሁ ከሰዓቱን ሙሉ አሲድ ውስጥ ዋለ። ቡናው ይቅር አልልም። ስኳሩ ይቅር።

የተቦረቦረ ጥርስ ላይ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተፈጨ ክኒን መጠቅጠቅ ድድ ያቃጥላል። ቅርንፉድ ህመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ውስጡ ያለውን ቅመም የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ግን ቀዳዳውን አይደፍንም። ፊት አብጦ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ያ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ድብርት የያዘው ዘመድ ካላችሁ «ጥርስህን ተቦረሽ» ብላችሁ አትቆጡት። ቡርሹን ሳሙና ቀብታችሁ አልጋው ድረስ ውሰዱለት። ተቀምጦ ይቦርሽ። ጠዋት ካልሆነለት ማታ ብቻ ይሁን። አንድ ጊዜ ከምንም ይሻላል።

አክስቴን ባለፈው ዓመት ይዣቸው ሄድኩ። ለማሳመን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። «በዚህ ዕድሜዬ ለማን ልታይ ነው» ይሉ ነበር። ጉቶው ተነቀለ፤ ድዳቸው ከዳነ በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው። መስታወት ሲሰጣቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ፤ ከዚያ «እናቴን መሰልኩ» አሉ።

አሁን ቡና ላይ መሀል ይቀመጣሉ። ስንስቅ አብረውን ይስቃሉ። እጃቸው ግን አሁንም ወደ ነጠላቸው ይሄዳል፤ ከአገጫቸው ሲደርስ ትዝ ይላቸዋል፣ መልሰው ያወርዱታል።